ለኮሌጅና ለሥራ የሚያዘጋጁ ስድስት መንገዶች፦ የትኛው ለየትኛው ተማሪ?

ወላጆች ሁለተኛ ደረጃ የሚማር ልጃቸውን ይዘው ሲመጡ ጥያቄያቸው ብዙውን ጊዜ “ጎበዝ አስጠኚ ያውቃሉ?” የሚል ነው። ድሮ ስም እጠቁም ነበር። አሁን ግን አስቀድሜ ለልጁ ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ እሰጠውና ባለፈው ሳምንት ካጠናው አንዱን ምዕራፍ፣ መጽሐፉን ሳይገልጥ እንዲጽፍልኝ እጠይቀዋለሁ።

አንዲት ተማሪ ትዝ ትለኛለች። ሦስት አስጠኚዎች ነበሯት። ደብተሯ በቢጫ፣ በሮዝና በአረንጓዴ ከመሰመሩ ብዛት ያልተቀባ ቦታ አልነበረውም። ወረቀቱን ስሰጣት የምዕራፉን ርእስ በሚያምር ጽሕፈት ጻፈች፤ ከሥሩ አሰመረች፤ አራት መስመር ጨመረች፤ ከዚያም የርእሱን ዳር ዳር ማስጌጥ ጀመረች። አባቷ አጠገቧ ተቀምጠው ሰዓታቸውን ያያሉ። እሷ የሚያስረዳት ሰው አልጎደላትም፤ የሚያስረዷት ሦስት ነበሩ። የጎደላት መጽሐፉን ዘግታ ራሷን የመፈተን ልማድ ነው። አራተኛ አስጠኚ ቢቀጠርላት ደብተሯ ላይ አራተኛ ቀለም ይጨመር ነበር እንጂ ሌላ የሚለወጥ ነገር አልነበረም።

ገበያው ላይ ያሉት አማራጮች ሁሉም “ልጅዎን ለኮሌጅና ለሥራ እናዘጋጃለን” ይላሉ። የሚያዘጋጁት ግን በየበኩላቸው የተለያየ ነገር ነው። ስለዚህ ስም ከመጥራት በፊት መመዘኛ እናስቀምጥ።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያውና ከሁሉም የሚበልጠው “ልጁ የጎደለው ምንድን ነው?” የሚለው ነው። በእኔ ልምድ ጉድለቱ ከአራቱ ከአንዱ አያልፍም። እውቀት ሊሆን ይችላል፤ ማለትም ከታች ክፍል ሳይገባው ያለፈው ትምህርት አለ። የአጠናን ልማድ ሊሆን ይችላል፤ ትምህርቱ ይገባዋል፣ ግን አይዘውም። አቅጣጫ ሊሆን ይችላል፤ ውጤቱ ጥሩ ነው፣ ምን መማር እንደሚፈልግ ግን አያውቅም። ወይም ደግሞ የአሠራር ጉዳይ ነው፤ የትኛው ተቋም ምን እንደሚጠይቅ፣ ማመልከቻ መቼ እንደሚዘጋ፣ የትምህርት ዕድል እንዴት እንደሚገኝ የሚነግረው የለም።

ጉድለቱን ለመለየት ባለሙያ መቅጠር አያስፈልግም። ልጁ አንድ ያለፈ ዓመት ፈተና በሰዓት ተወስኖ ይሥራ። ከዚያ የተሳሳታቸውን ጥያቄዎች በሦስት ክምር ይለይ፦ “አላውቀውም”፣ “እያወቅሁ ተሳሳትሁ”፣ “ጊዜ አለቀብኝ”። የትኛው ክምር እንደሚበዛ ማየት ከብዙ ምክር ይበልጣል። ሁለተኛው ክምር ከበዛ፣ ያጠናውን አንድ ምዕራፍ በባዶ ወረቀት ያስሞክሩት።

ሁለተኛው መመዘኛ ጊዜ ነው፤ በሳምንት ስንት ሰዓት ይወስዳል? እነዚያ ሰዓቶች ከእንቅልፍ ነው የሚቀነሱት ወይስ ከጨዋታ? ሦስተኛው፣ መሥራት አለመሥራቱ ምን ያህል ቆይቶ ይታወቃል? አራተኛው፣ ረዳቱ ሲሄድ በልጁ እጅ ምን ይቀራል? ኮሌጅ ውስጥ አስጠኚው አብሮት አይገባም። አምስተኛው ገንዘብ ነው። እሱን መጨረሻ ያደረግሁት አይከብድም ብዬ አይደለም፤ ከላይ ያሉት አራቱ ካልተመለሱ ብዙ መክፈልም ትንሽ መክፈልም ያው ብክነት ስለሆነ ነው።

የግል አስጠኚ

አስጠኚ ከሁሉም አማራጮች የተሻለ ስም ያለው ሲሆን ስሙም ያለ ምክንያት አልመጣም። አሜሪካዊው የትምህርት ተመራማሪ ቤንጃሚን ብሉም እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው ጽሑፍ፣ አንድ ለአንድ የተማረ አማካይ ተማሪ በተለመደው ክፍል ከተማሩት 98 በመቶ ከሚሆኑት በልጦ መገኘቱን ገልጿል። አስጠኚዎች ይህን ቁጥር ይወዱታል። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ያገኙት ጥቅም ግን ከዚህ ያነሰ ነው። በብሉም ዘዴ ውስጥ አንድ የሚዘነጋ ነገርም አለ፦ ተማሪው በየጊዜው ይፈተን ነበር፤ ያልገባው ሳይታረም ወደሚቀጥለው አያልፍም ነበር። ስለዚህ ውጤቱ አጠገብ ሰው ከመቀመጡ ብቻ የመጣ አይደለም።

አስጠኚ የሚያዋጣው ጉድለቱ እውቀት ሲሆን፣ ያውም የተወሰነ እውቀት ሲሆን ነው። ክፍልፋይ ሳይገባው አልጀብራ የጀመረ ተማሪ ወደ ኋላ የሚመልሰው ሰው ያስፈልገዋል፤ የአምሳ ተማሪ መምህር ለአንዱ ብሎ ወደ ኋላ አይመለስም።

አስጠኚውን ለመመዘን አንድ ቀላል መንገድ አለ። በሩ ገርበብ ይበልና ለአሥር ደቂቃ እስክሪብቶው በማን እጅ እንዳለ ይመልከቱ። አስጠኚው እየጻፈ፣ ልጁ እየነቀነቀ ከሆነ እየተለማመደ ያለው አስጠኚው ነው። ልጁ ጽፎ ሲሳሳት አስጠኚው ዝም ብሎ ይጠብቃል? ያ ዝምታ የማስተማር ችሎታ ነው፤ ብዙዎች ግን ይከብዳቸዋል፤ ዝም ካሉ ሳይሠሩ የተከፈላቸው ይመስላቸዋልና።

ሌላው አደጋ ጥገኝነት ነው። የቤት ሥራውን አስጠኚው እስኪመጣ የሚያቆይ ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ማንን ይጠብቃል? ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ማብቂያ ይቀመጥለት፤ ለምሳሌ “እነዚህን ሦስት ምዕራፎች፣ በስምንት ሳምንት”።

የፈተና ማዘጋጃ ማዕከል

ማዕከሎች የሚሸጡት በዋነኝነት የፈተናውን ሥርዓት ማወቅን ነው፦ የጥያቄውን ዓይነት፣ የሰዓት አጠቃቀምን፣ የትኛውን ዘልሎ ወደ የትኛው መሄድ እንደሚገባ። ከሦስቱ ክምሮች “ጊዜ አለቀብኝ” የሚለው ለበዛበት ተማሪ ይጠቅማሉ። “አላውቀውም” ለበዛበት ግን ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሠላሳ ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥ የማንንም ቀዳዳ ለይቶ የሚደፍን የለም።

ከመክፈል በፊት ነጻውን መሞከር ይቻላል። ለምሳሌ ወደ አሜሪካ ኮሌጆች ለማመልከት የሚወሰደውን የኤስኤቲ ፈተና የሚያዘጋጀው ድርጅት ራሱ ሙሉ የመለማመጃ ፈተናዎችን በነጻ ያቀርባል፤ ካን አካዳሚ የተባለው የኢንተርኔት ትምህርት ድርጅትም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ከአዘጋጁ ጋር በመተባበር ነጻ ልምምድ ይሰጣል። የድሮ መለማመጃ መጽሐፍ ይዞ የሚያጠና ካለ ይጠንቀቅ፤ ፈተናው አሁን በኮምፒውተር ነው፤ አጭርም ሆኗል።

ውጤት ካልጨመረ ገንዘብ እንመልሳለን የሚል ማዕከል ካጋጠመዎት ጭማሪው ከምን ተነሥቶ እንደሚለካ ይጠይቁ። መነሻ የሚሆነውን ፈተና ማዕከሉ ራሱ አክብዶ ካዘጋጀው ጭማሪ መታየቱ አይቀርም።

ነጻ የኢንተርኔት ትምህርት

ዋጋው ዜሮ ነው፤ ምርጫው ማለቂያ የለውም፤ ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ሃርቫርድና ኤምአይቲ ኤድኤክስ በተባለው የኢንተርኔት መድረክ በሚሰጧቸው ኮርሶች ላይ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት፣ በ2017 እና 2018 የትምህርት ዘመን ከተሳታፊዎቹ ኮርሱን የጨረሱት 3 በመቶ ገደማ ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል። ብዙዎቹ ሲመዘገቡም ለመጨረስ አስበው ላይሆን ይችላል፤ ቢሆንም አዋቂዎች በተሰበሰቡበት እንዲህ ከሆነ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅን “ኢንተርኔት አለልህ፣ አጥና” ብሎ መተው ተስፋ የሚጣልበት ዕቅድ አይደለም።

ሁለተኛው ወጥመድ ቪዲዮ ማየት ማወቅ መምሰሉ ነው። አስረጂው ሲናገር ሁሉ ነገር ግልጽ ነው። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ፣ አንዳንድ ተማሪዎች አንድን ጽሑፍ ደግመው እንዲያነቡ፣ ሌሎቹ ደግሞ አንብበው ሲያበቁ ያስታወሱትን እንዲጽፉ ተደረገ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገላበጠ፦ ራሳቸውን የፈተኑት 56 በመቶውን ሲያስታውሱ ደግመው ያነበቡት 42 በመቶ ላይ ቀሩ። ደብተሯን ሦስት ቀለም የቀባችው ተማሪ ማታ ማታ “አወቅሁት” ብላ የምትተኛው በዚህ ምክንያት ነበር። አልዋሸችም፤ ማታውን ታውቀዋለች።

ስለዚህ ነጻው መንገድ እንዲሠራ ሁለት ነገር ይጨመርበት። አንደኛ፣ ከእያንዳንዱ ቪዲዮ በኋላ ባዶ ወረቀት። ሁለተኛ፣ የሚጠይቅ ሰው። ጠያቂው ትምህርቱን ማወቅ አይጠበቅበትም። እሑድ ማታ “በዚህ ሳምንት የተማርከውን አስረዳኝ” የሚል እናት ወይም ታላቅ ወንድም ይበቃል። ይህን አድርጎ ስድስት ወር የቆየ ልጅ ኮሌጅ ሲገባ ከማንም በላይ የተዘጋጀ ነው፤ ምክንያቱም ብቻውን መማር ለምዷል።

ከፍ ያሉ ኮርሶች

ትምህርት ቤቱ የሚሰጥ ከሆነ ዓለም አቀፉ ባካሎሬት ወይም የአሜሪካው አድቫንስድ ፕሌስመንት የኮሌጅን ሸክም አስቀድሞ ያስቀምሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1968 ጄኔቫ ላይ የተመሠረተው ባካሎሬት የሁለት ዓመት ጥቅል ነው፤ ስድስት የትምህርት ዓይነት፣ እስከ 4,000 ቃል የሚደርስ የምርምር ጽሑፍ፣ ቢበዛ 45 ነጥብ። ሙሉውን ዲፕሎማ የሚፈልግ ተማሪ ጥቅሉን እንዳለ ይወስዳል እንጂ የሚወደውን መርጦ ሌላውን አይተውም። አድቫንስድ ፕሌስመንት በነጠላ ኮርስ ይወሰዳል፤ ፈተናው ከ1 እስከ 5 ይመዘናል፤ ብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች 3 እና ከዚያ በላይ ላገኘ ክሬዲት ይሰጣሉ፣ ማለትም የኮሌጅ ኮርስ እንደወሰደ ይቆጥሩለታል፤ አንዳንዶቹ ግን 4 ወይም 5 ይጠይቃሉ፤ ጨርሶ የማይሰጡም አሉ። ከመመዝገብ በፊት የሚፈለገውን ኮሌጅ ደንብ ማየት ነው።

ለሁሉም ነገር ጉጉ ለሆነና ለሚጽፍ ልጅ ባካሎሬት፣ በአንድ አቅጣጫ ላዘነበለ ነጠላ ኮርስ ይሻላል። የአጠናን ልማዱ ላልተስተካከለ ግን ሁለቱም ይቆዩ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፣ አምስት ከባድ ኮርስ ወስዶ በሁሉም ከመንገዳገድ ሁለት ወስዶ ማጥራት ይበልጣል።

አማካሪና የዝንባሌ መጠይቅ

የሙያ ምክር እንደ ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1908 ፍራንክ ፓርሰንስ ቦስተን ውስጥ ቢሮ ሲከፍት ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ራስህን እወቅ፣ ሥራውን እወቅ፣ ሁለቱን አስተያይ። ዛሬ በየቦታው የምናገኛቸው መጠይቆች በአብዛኛው የሚያግዙት በመጀመሪያው ብቻ ነው። ከነሱ በጣም የተሠራበት የአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ የጆን ሆላንድ አከፋፈል ሰዎችን በስድስት ዝንባሌ ያያል፦ በእጅ መሥራት፣ መመርመር፣ መፍጠር፣ ሰውን መርዳት፣ መምራትና መሸጥ፣ ማደራጀት። በዚህ ላይ የተመሠረተ ባለ 60 ጥያቄ መጠይቅ የአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴር ኦኔት በተባለው የመረጃ ቋቱ በነጻ ያቀርባል። ስለዚህ ለዚህ ዓይነት መጠይቅ ገንዘብ አይክፈሉ።

መጠይቁ የሚለካው ደስ የሚልን ነገር እንጂ ችሎታን አይደለም። ልጁም ሠርቶት የማያውቀውን ነገር “እወደዋለሁ” ወይም “አልወደውም” ሲል የሚመልሰው በወሬ ነው። ጥቅሙ ዝርዝሩን ከመቶ ወደ አሥር ማሳነሱ ላይ ነው።

የትምህርት ቤት አማካሪስ? የአሜሪካ የትምህርት ቤት አማካሪዎች ማኅበር የሚመክረው አንድ አማካሪ ለ250 ተማሪ ነው። ይህ ምክር እንኳ ቢሟላ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ሰዓት መስጠት፣ በሳምንት 40 ሰዓት ሌላ ሥራ ሳይነኩ፣ ከስድስት ሳምንት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ልጁ “ምን ልማር?” ብሎ አይግባ። “ለእነዚህ ሁለት ኮሌጆች የምክር ደብዳቤ መቼ ልጠይቅዎ?” ብሎ ይግባ። አማካሪ ለአሠራር ጉድለት ከማንም ይሻላል፤ ለአቅጣጫ ግን ጊዜ የለውም።

የሥራ ቦታን ማየት

ከትራንስፖርት በቀር ገንዘብ የማይጠይቀው፣ ግን ከሁሉም ያነሰ የሚሞከረው ይህ ነው። ሦስት ደረጃ አለው፦ አንድ ሁለት ቀን ባለሙያን ተከትሎ መዋል፣ ለጥቂት ሳምንታት በልምምድ መሥራት፣ ዓመታት የሚወስድ ተለማማጅነት።

አርክቴክት መሆን የሚፈልግ አንድ ተማሪ ለሁለት ቀን የሕንፃ ንድፍ ቢሮ ሄዶ ነበር። የጠበቀው ረቂቅ ሥዕልና ትልልቅ ሐሳብ ነው። ያየው አንዲት አርክቴክት ጧቱን ሙሉ አንድ ደረጃ ስታንቀሳቅስ ነው፤ ስፋቱ ለእሳት አደጋ መውጫ የሚጠይቀውን ደንብ አላሟላም ነበር። ደረጃው ሲሰፋ ኮሪደሩ ጠበበ፤ ኮሪደሩ ሲስተካከል መታጠቢያ ቤቱ መስኮት አጣ። “አራት ጊዜ አንቀሳቀሰችው” አለኝ ሲመለስ። ጨርሶ ይተወዋል ብዬ ነበር። እሱ ግን በወረቀት ላይ አምስተኛ መፍትሔ እየሣለ ነበር። በሌላ በኩል እንስሳ ትወድ የነበረች ተማሪ የእንስሳት ሐኪም ተከትላ ውላ፣ የቀኑ አብዛኛው ክፍል ከባለቤቶቹ ጋር መነጋገርና እጅ መታጠብ ሆኖ አገኘችው። ሰው ማነጋገር አትወድም። አሁን ባዮሎጂ ታጠናለች፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ ደስተኛ ናት። ለሁለቱም ያስወጣው የትራንስፖርት ብቻ ነው።

ልጁ ባለሙያውን ሲያገኝ “ሥራዎን ይወዱታል?” ብሎ አይጠይቅ፤ ሁሉም ጨዋ መልስ ይሰጣል። “ትናንት ከሰዓት በኋላ ምን ሲሠሩ ዋሉ?” ይበል። በዚህ ጥያቄ የማይወጣ እውነት የለም።

ተለማማጅነት ደግሞ ኮሌጅ ላልሆነላቸው የተተወ ማካካሻ ተደርጎ መታየቱ ያናድደኛል። በጀርመን ተለማማጁ ከ300 በሚበልጡ ሙያዎች በአንዱ ከ2 እስከ 3 ዓመት ተኩል ይሠለጥናል፤ የሳምንቱን አብዛኛውን ቀን በድርጅት፣ ቀሪውን በሙያ ትምህርት ቤት እያሳለፈ፣ ደመወዝ እየተከፈለው። በስዊዘርላንድ ከወጣቶቹ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሚመርጡት የሙያ ሥልጠናን ሲሆን፣ ከዚያም ተጨማሪ ፈተና ወስዶ ወደ ተግባራዊ ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ መግባት ይቻላል። እንዲህ ያለ ሥርዓት በሌለበት ቦታ ተለማማጅነት ከመጀመር በፊት የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ሲያልቅ የሚሰጠው ማስረጃ በሌላ ቀጣሪ ዘንድ ይቆጠራል? ካልተቆጠረ ልጁ ርካሽ ጉልበት ሆኗል።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | የሚሞላው ጉድለት | ገንዘብ | ጊዜ | ውጤቱ የሚታወቀው | ረዳቱ ሲሄድ የሚቀረው |
|---|---|---|---|---|---|
| የግል አስጠኚ | እውቀት | ከፍተኛ | በሳምንት 2–4 ሰዓት | ከ6–8 ሳምንት | እስክሪብቶው በልጁ እጅ ከነበረ ብዙ |
| የፈተና ማዕከል | የፈተና ሰዓት አጠቃቀም | መካከለኛ | በሳምንት 4–6 ሰዓት | በሁለተኛው ሙሉ ልምምድ | ከፈተናው በኋላ ጥቂት |
| ነጻ ኢንተርኔት | እውቀትና ልማድ | የለም | እንደ ልጁ | ከ4 ሳምንት | ጠያቂ ካለ ከሁሉም የበለጠ |
| ከፍ ያሉ ኮርሶች | የኮሌጅ ዝግጁነት | እንደ ትምህርት ቤቱ | ከባድ | በመጀመሪያው መንፈቅ | ብዙ |
| አማካሪና መጠይቅ | አሠራር፣ በከፊል አቅጣጫ | የለም | ጥቂት ሰዓት | ወዲያውኑ | አጭር ዝርዝር |
| የሥራ ቦታ | አቅጣጫ | ከትራንስፖርት አያልፍም | ከ1 ቀን ጀምሮ | በዚያው ቀን | የማይረሳ ምስል |

ለማን የትኛው?

ምንም ገንዘብ ለሌለው ቤተሰብ፦ ነጻ ኢንተርኔት ከእሑድ ማታ ጠያቂ ጋር፣ ነጻው መጠይቅ አንድ ጊዜ፣ በዓመት ሦስት የሥራ ቦታ። ይህ የድሀ ዕቅድ አይደለም፤ ገንዘብ ላለውም መጀመሪያ የምመክረው ይህንኑ ነው።

ጥቂት ገንዘብ ላለው፦ ከላይ ባለው ላይ በአንድ የትምህርት ዓይነት፣ ለተወሰነ ሳምንት አንድ አስጠኚ። ለአራት ትምህርት ከሚከፋፈል ገንዘብ በአንዱ ቀዳዳ ላይ የዋለ ይሻላል።

ገንዘብ ለማይቸግረው ቤተሰብ የምሰጠው ምክር መቀነስ ነው። የልጁን ሳምንት በወረቀት ላይ ይዘርዝሩት። ማንም ሳያስተምረው ብቻውን የሚያጠናበት አምስት ሰዓት ካልተረፈ፣ አንዱን ሰርዙ።

ውጤቱ ጥሩ ሆኖ ምን መማር እንደሚፈልግ የማያውቅ ልጅ አስጠኚ አይቀጠርለት። ሥራ ቦታ ይሂድ። ቶሎ ሥራ መጀመር የሚፈልግ ደግሞ ማስረጃው የሚቆጠርለት ተለማማጅነት ይፈልግ፤ ሒሳቡንና ጽሑፉን ግን አይጣል፤ በሙያ ትምህርት ቤትም ይከተሉታል።

ሊጨርስ ስድስት ወር የቀረው ተማሪ ጉዳይ ሌላ ነው። ልማድ ለመቀየር ጊዜው አጥሯል፤ የፈተና ማዕከል የሚያዋጣው ያኔ ነው፣ የማመልከቻ ቀኖችን ከአማካሪው ጋር መጻፍም እንዲሁ። ሁለት ሦስት ዓመት የቀረው ግን ማዕከሉን ይተወውና በባዶ ወረቀት ይጀምር።

የትኛውንም ቢመርጡ፣ ከመክፈልዎ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ይጻፉ፦ የምንደፍነው ቀዳዳ ይህ ነው፤ የምንመዝንበት ቀን ይህ ነው። ያቺ ተማሪና አባቷ እንዲህ ጽፈው ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፉት። ቀኑ ሲደርስ ሁለቱን አስጠኚዎች አሰናበቱ፤ የሒሳቡን አስቀሩ፤ እስክሪብቶውንም ተማሪዋ ያዘች።